አካታች የስፌት ስልጠና፦ ከማሽኑ ጠረጴዛ እስከ አጋሩ በጀት

አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ፣ ልደታ ወይም ፒያሳ አካባቢ የልብስ ስፌት ስልጠና ለመክፈት የሚጻፍ ፕሮፖዛል ሁሉ አካታችነት፣ የሥነ ልቦና ድጋፍና ዓለም አቀፍ ትብብር አይጎድሉትም። ለሦስቱም የየራሳቸው ምዕራፍ ይሰጣቸዋል። ሥራው ሲጀመር ግን አካታችነቱ በር ላይ ተለጥፎ የቀረ ፖስተር ይሆናል። የሥነ ልቦና ድጋፉ በሻይና በቆሎ የሚያልቅ የግማሽ ቀን ወርክሾፕ፣ ትብብሩ ደግሞ ጉምሩክ ላይ የከረመ ኮንቴይነር ሆኖ ይቀራል።

ሰልጣኝን ክፍል ውስጥ የሚያቆየውም የሚያስቀረውም የጠረጴዛው ከፍታ፣ የእረፍቱ ሰዓት፣ የትራንስፖርት ብሩ የሚገባበት ቀንና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ክፍያ የተመደበበት የበጀት ርዕስ ነው። እዚህ የምዘረዝረውም እነዚህን ነው። ስፌትን የመረጥኩት መስማት የተሳናትን፣ ከዓረብ አገር የተመለሰችን፣ ስደተኛን፣ ልጅ ያዘለች እናትንና ዊልቸር ተጠቃሚን አንድ ክፍል ውስጥ የሚያገናኝ ሙያ ስለሆነ ነው። አብዛኛው ነገር ለእንጨት ሥራም ለምግብ ዝግጅትም ይሠራል።

ቤቱን ከመከራየት በፊት መለካት

ውል ከመፈረሙ በፊት ሜትር ይዞ መሄድ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸው የሚሆን መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዟል። መሐል ከተማ ለስልጠና የሚከራዩት ግን አብዛኞቹ ከአዋጁ በፊት የተሠሩ ወይም ለመኖሪያ የታሰቡ ቤቶች ናቸው፤ ስለዚህ ራምፑን የሚያሠራው ተከራዩ ይሆናል።

የራምፕ ልክ 1 ለ 12 ነው። 15 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው አንድ ደረጃ 1.80 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፣ ሦስት ደረጃ ከሆነ 5.40 ሜትር። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ግቢው ጠባብ ነው ተብሎ ሦስቱ ደረጃ በሁለት ሜትር ሲሚንቶ ይሸፈናል፤ ከታች ሲያዩት ራምፕ ይመስላል። ዊልቸር የሚገፋ ሰው ግን ብቻውን ሊወጣው አይችልም፣ ሲወርድ ደግሞ ወደ ፊት ይደፋዋል። ቦታው ካልበቃ ራምፑን አጥፎ መሐሉ ላይ 1.50 ሜትር ማረፊያ መስጠት ይሻላል። ላዩን ሴራሚክ ማልበስ ደግሞ ለክረምት አደጋ መጋበዝ ነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጭሮ ሸካራ ቢሆን ይበቃል፣ ርካሽም ነው።

በሩ ሲከፈት የሚቀረው ክፍት ቦታ ቢያንስ 80 ሳ.ሜ. ሊሆን ይገባል፣ 90 ቢሆን ይመረጣል። የሚለካው ከበሩ ፊት እስከ መቃኑ ነው። ከመቃን እስከ መቃን የሚለካ ሰው የበሩን ውፍረት ስለሚረሳ ሁልጊዜ አራትና አምስት ሳንቲም ይጎድልበታል። የመጸዳጃው በር ወደ ውጭ ይከፈት፤ ውስጡም 1.50 ሜትር መዞሪያ ይኑረው።

መንገዱም የቤቱ አካል ነው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉት የቀላል ባቡር ጣቢያዎች ከመሬት ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ «ባቡር አጠገብ ነን» ከማለት በፊት ሊፍቱ በሥራ ሰዓት እንደሚሠራ በተለያየ ቀን ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ሚኒባስ ታክሲ ዊልቸር ለማሳፈር ብዙ ጊዜ ፈቃደኛ አይደለም፣ ሲያሳፍርም የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠይቃል። ይህ ከትራንስፖርት አበሉ ጋር መታሰብ አለበት፤ ለሁሉም እኩል ብር መክፈል እዚህ ላይ ፍትሕ አይሆንም።

ማሽኑ

ክላች ሞተር ያለው የፋብሪካ ማሽን ማብሪያው ከተነካ ጀምሮ ያለማቋረጥ ይዞራል። ፔዳሉ የሚያደርገው የሚዞረውን ሞተር ከማሽኑ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። አሥራ አምስቱ በአንድ ክፍል ሲበሩ ማንም ባይሰፋም ክፍሉ ይጮሃል። አሰልጣኙ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከብዙ ጭንቀት የመጣች ሰልጣኝ ደግሞ ምክንያቱን ሳታውቅ ራሷን ያማታል። ሰርቮ ሞተር ግን ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ይሠራል፣ መብራትም ይቆጥባል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፍተኛው ፍጥነት ሊወሰን ይችላል። የፋብሪካ ቀጥታ ስፌት ማሽን በደቂቃ 4,000 እና 5,000 ስፌት ሊሰፋ ይችላል። ለጀማሪ 800 ወይም 1,000 ላይ ማሰር በቂ ነው። ማሽኑ «ሸሸብኝ» የሚለው ፍርሃት በአብዛኛው የሚጠፋው በዚህች አንዲት ማስተካከያ ነው። በጀት ሲጠብ አምስት አዲስ ማሽን ከመግዛት ላሉት አሥር ማሽኖች ሰርቮ ሞተር መቀየር የሚመረጥ ይመስለኛል።

ለዊልቸር ተጠቃሚ ሦስት ነገር ይለካል። ከጠረጴዛው ሥር ለጉልበት ቢያንስ 70 ሳ.ሜ. ከፍታ መኖር አለበት። የዊልቸሩ የእግር ማሳረፊያ ከፔዳሉ ጋር እንዳይጋጭ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሰልጣኟ የትኛውን አካሏን ማዘዝ እንደምትችል ነው፤ እሷን ሳይጠይቁ ማሽን መቀየር የተለመደ ስህተት ነው። አንድ እግሯ ጠንካራ ከሆነ ፔዳሉን ወደዚያ ጎን ማዛወር ይበቃል። ሁለቱም ካልሠሩ ፔዳሉን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ተፈትቶ በክርን የሚገፋ እጀታ ይገጠምለታል። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልግም፣ የሰፈር ብየዳ ቤት ከላሜራ ይሠራዋል። እጀታው ለክርን እንጂ ለእጅ አይሁን፤ ሁለቱም እጆች ጨርቁን መምራት አለባቸው። በጉልበት የሚነሳውን፣ ጨርቁን የሚጫነውን የማሽኑን እግር ደግሞ ከኋላ ባለው የእጅ ማንሻ መተካት ይቻላል።

መብራቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የአውሮፓ ደረጃ ለስፌት 750 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይላል፤ የስልክ መተግበሪያ ትክክለኛ ባይሆንም ግምት ይሰጣል። በጣሪያ ላይ ባለች አንዲት አምፖል ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የምትሰፋ ሰልጣኝ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን እያሸች ራስ ምታቷን ትናገራለች። ሰነፍ ሆና አይደለም። በየማሽኑ ላይ ማግኔት ያላት ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ማድረግ ቀላሉ መፍትሔ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ክር

ሰልጣኝ በብዛት የምትቀረው በሁለተኛው ሳምንት ነው። «እጄ አይሆንም» ትላለች። ማሽኗ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ እጇ አይደለም፤ ከጨርቁ ሥር የተጠቀለለ የክር ጉንጉን ነው። ጉንጉኑ የሚመጣው የማሽኑ እግር ወርዶ ሳለ ክር ስለተገባ ነው። እግሩ ሲወርድ የቴንሽኑ (የክር መወጠሪያው) ሳህኖች ይዘጋሉ፣ ክሩም በመሐላቸው መግባቱ ቀርቶ በላያቸው ይንሸራተታል። መፍትሔው እግሩን አንስቶ ክሩን ከመጀመሪያው ማስገባት ነው። አሰልጣኙ ግን ችኩል ከሆነ የቦቢን ቤቱን (የታቹን ክር መያዣ) ትንሽ ብሎን ማጥበቅ ይጀምራል። በሳምንቱ መጨረሻ የሁሉም ማሽን ቦቢን የተለያየ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምን እንደተበላሸ አያውቅም።

መርፌው ዘሎ መስፋቱም እንደዚሁ ነው። በፋብሪካ ቀጥታ ስፌት ማሽን የመርፌው ረጅሙ ቦይ ወደ ግራ ይዞራል፣ ክሩም ከግራ ወደ ቀኝ ይገባል። በቤት ማሽን ሰፍታ የምታውቅ ሰልጣኝ የመርፌውን ጠፍጣፋ ወገን ወደ ኋላ አድርጋ ማስገባት ለምዳለች፤ የፋብሪካው መርፌ ግን አናቱ ክብ ስለሆነ የሚያስተካክላት ነገር የለም። ትንሽ ቢዞር ስፌቱ ይዘላል፣ ክሩም ይበጠሳል።

ለዚህ የምመክረው ቀላል መርሃ ግብር አለ። መጀመሪያ ያለ ክር በወረቀት ላይ ቀጥታ መስመር፣ ማዕዘንና ክብ መስፋት። ወረቀት መርፌ ስለሚያደነዝዝ ያረጁ መርፌዎች ለዚህ ይቀመጡ። ቀጥሎ ሁለት እጥፍ አቡጀዲ ላይ የላዩን ክር ቀይ፣ የታቹን ጥቁር አድርጎ መስፋት። ቀዩ ከታች ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ የላዩ ክር ላልቷል፤ ጥቁሩ ከላይ ከታየ ደግሞ የላዩ ጠብቋል ማለት ነው። ሰልጣኟ በዓይኗ ስለምታየው ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፣ መስማት ለተሳናትም ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪም እኩል ይገባል። ጠዋት ጠዋት ሰልጣኞች ከመግባታቸው በፊት አሰልጣኙ እያንዳንዱን ማሽን በቁራጭ አቡጀዲ ሰፍቶ ይፈትሽ፣ የዘይቱንም መጠን ይይ። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ይህ ግማሽ ሰዓት ከማንኛውም «የማነቃቂያ ንግግር» የበለጠ ሰው ያቆያል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ክፍሉ ውስጥ ቢኖር ሥራ አይቆምም። አርጅቷል ብሎ መጣሉ አያስፈልግም።

አስተርጓሚው የት ይቁም

መስማት የተሳነው ሰልጣኝ በአንድ ጊዜ ማሽኑንም አስተርጓሚውንም ማየት አይችልም። ይህ ግልጽ ይመስላል፣ ክፍል ውስጥ ግን በየደቂቃው ይረሳል፤ አሰልጣኙ እየሰፋ ያወራል፣ አስተርጓሚው ይከተለዋል፣ ሰልጣኙ ከሁለት አንዱ ያመልጠዋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ መናገር፣ እስኪተረጎም መጠበቅ፣ ከዚያ ዝም ብሎ እያሳዩ መሥራት፣ በመጨረሻ ጥያቄ መቀበል ነው። ጊዜ ይወስዳል። ለአንድ የብቃት አሃድ የተያዘው ሰዓት ቅይጥ ክፍል ውስጥ አይበቃምና መጀመሪያውኑ ሲታቀድ መጨመር አለበት። ጥቅሙ ግን ለሁሉም ነው፤ መስማት የሚችሉትም ሳይደነጋገሩ ያያሉ።

አስተርጓሚው መስኮት ከጀርባው አድርጎ አይቁም፤ ብርሃኑ ከጀርባው ከመጣ ፊቱና እጁ ጥላ ይሆናሉ። ከአሰልጣኙ አጠገብ፣ ብርሃን ፊቱ ላይ እየወረደ ይቁም። ቀኑን ሙሉ ለሚሆን ትምህርት ሁለት አስተርጓሚዎች በየ20 እና በየ30 ደቂቃው መቀያየር አለባቸው፤ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ከሰዓት በኋላ የሚተረጎመው ግማሹ ብቻ ነው። ለጥሪ ወይም ለአደጋ ምልክት የክፍሉን መብራት አጥፍቶ ማብራት ይሠራል።

የሙያ ቃላት ሌላ ጣጣ አላቸው። ለ«ዘምዘማት»፣ ለ«ኮሌታ መገልበጫ»፣ ለ«ኦቨርሎክ» ሁሉም የሚስማማበት ምልክት ላይኖር ይችላል። አስተርጓሚው በየቀኑ ሌላ ምልክት ከፈጠረ ሰልጣኙ በምዘና ቀን ሌላ አስተርጓሚ ሲመጣ ይጠፋዋል። ስልጠናው ከመጀመሩ በፊት አስተርጓሚውና መስማት የተሳናቸው ሰልጣኞች ሁለት ቀን ወርክሾፑ ውስጥ ይዋሉ። አርባ ወይም ሃምሳ ቃል ዕቃውን በእጅ ይዘው ይስማሙበት፣ በስልክ ይቀረጽ፣ ቪዲዮውም ለሁሉም ይላክ። ምልክቱን የሚመርጡት እነሱ ናቸው፣ አሰልጣኙ አይደለም።

ዓይነ ስውር ሰልጣኝ በቆረጣና በማሽን ላይ መግፋት አስፈላጊ አይደለም፤ ሹራብ ሥራ፣ የዕቃ ክፍል ሒሳብ፣ የደንበኛ ቅበላ አለ። ግን አንድ ነገር ላስገባ፦ ማስታወሻው ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው የፊደል ኮድ) ባልሆኑ በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፊደላት ከተጻፈ ኮምፒውተሩ የሚያነብለት ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው። በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤ የተባለ ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም አማርኛን በኢስፒክ ድምፅ ያነባል፣ ነገር ግን ጽሑፉ ዩኒኮድ መሆን አለበት። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍም ለእሱ ሥዕል ነው። ፋይሉን ከመላክ በፊት አንድ መስመር ኮፒ አድርጎ ስልክ ላይ መለጠፍ ነው፤ ፊደሉ ከተበላሸ መልሶ መተየብ ያስፈልጋል።

ሰዓቱ፣ ብሩ፣ ሞዴሱ

በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምሱ ሰልጣኞች አሉ፤ በረመዳን ደግሞ ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚጾሙ አሉ። ካውያና የቆረጣ መቀስ ያለበትን ሥራ ጠዋት ማድረግ፣ ከሰዓቱን ለፓተርን ስዕልና ለእጅ ስፌት መተው አደጋን ይቀንሳል። ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደሚያደርጉት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ማረፍ ለጁምዓ ሰላት ይመቻል። በ50 ደቂቃ 10 ደቂቃ ከማሽን መነሳት የግድ ነው፤ በርጩማ ብቻ ከሆነ ወገብ ያማል፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ይመረጣል።

የትራንስፖርት አበል በወር መጨረሻ ሲከፈል የሚጎዱት በጣም የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ሁለት ታክሲ የምትይዝ ሰልጣኝ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትበደራለች ወይም ትቀራለች፤ በስም መጥሪያው ላይ ግን «ፍላጎት የላትም» ተብሎ ይጻፋል። በየሳምንቱ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ በቴሌብር ማስገባት ቀላል ነው። ፈርማ ለመሰብሰብ ሲባል በጥሬ ገንዘብ መክፈል ለሒሳብ ሠራተኛው እንጂ ለሰልጣኙ አይጠቅምም።

ሞዴስ በሴቶች መጸዳጃ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ከወንድ የዕቃ ክፍል ኃላፊ በፈርማ እንዲጠየቅ የተደረገበት ቦታ ሞዴሱ ሳይነካ ይከርማል፣ ሰልጣኞቹም በወር ሁለትና ሦስት ቀን ይቀራሉ። ለሕፃናት የሚሆን ክፍል ከወርክሾፑ ተለይቶ ይሁን፤ መርፌና ካውያ ባለበት ልጅ ማስተኛት አይቻልም። የእናቶች መግቢያ ሰዓት 2፡30 ከሆነና ትምህርት ቤት የሚወስዱት ልጅ ካላቸው በየቀኑ ዘግይተው መግባታቸው አይቀርምና 3 ሰዓት ላይ መጀመሩ ይሻላል።

ሰልጣኟ ስትለወጥ

አሰልጣኝ ሐኪም አይደለም፤ እንዲሆንም መጠየቅ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው የመጀመሪያ ሥነ ልቦናዊ እርዳታ መመሪያ በሦስት ተግባር ይጠቃለላል፦ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። ለወርክሾፕ ይህ ይበቃል። ማየት ማለት ትናንት ትሠራ የነበረች ሰልጣኝ ዛሬ መርፌ ላይ እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ በተከታታይ ስትቀር ወይም ከሰው ስትሸሽ ልብ ማለት ነው። መስማት ሲባል ከሰልጣኞች ፊት ሳይሆን በእረፍት ሰዓት ለብቻ ማናገር ነው። ያለፈችበትን ነገር እንድትተርክ መገፋፋት፣ «እኔ ብሆን» ማለትና ምክር ማብዛት ይጎዳል። ማገናኘቱ ደግሞ ወደ ሰፈሯ ጤና ጣቢያ፣ ከበድ ካለ ወደ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል መላክ ነው፤ ስልጠናው ባለበት መሐል ከተማ ይህ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው። ወረቀት ብቻ ሰጥቶ መላክ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ የመጀመሪያ ቀን አብሮ የሚሄድ ሰው ይመደብ። በዚያ ቀን የሚያልፋት ትምህርትም እንደ መቅረት አይቆጠር።

ራሷን ለመጉዳት ያሰበች ከመሰለ ብቻዋን አትተው። ይህ ነገር ለማንም አይነገርም የሚል ቃል መግባትም አያስፈልግም፤ «ሊረዳሽ ለሚችል ሰው ብቻ እናገራለሁ» ማለት እውነት ነው።

የወሲብ ትንኮሳ ቅሬታ የሚቀርብላት ሴት ስሟና ስልኳ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ የወሲብ ትንኮሳ ክልክል ነው፤ ሰልጣኝ ወደ ሥራ ቦታ ልምምድ ስትላክም ይህን ይዛ ትሂድ።

ልምምድና ሲኦሲ

የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ስልጠና አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ቦታ ተግባር እንዲሆን ያስባል፤ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። መርካቶና ፒያሳ ባሉ ስፌት ቤቶች የተላከች ሰልጣኝ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሻይ የምታመጣ፣ ቁልፍ የምትተክልና ወለል የምትጠርግ ትሆናለች። ሰልጣኟ፣ ማሰልጠኛውና ስፌት ቤቱ የሚፈርሙት የሦስትዮሽ ውል ላይ «በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ማሽን ላይ» ብሎ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል። የአደጋ መድን የሚከፍለውን፣ የማታ መውጫ ሰዓቱን፣ በሦስተኛው ቀን ያለ ቀጠሮ የሚሄድ አሰልጣኝ ማን እንደሆነም እንዲሁ። ሲሄድ ክምር ጨርቁን ይይ፤ በእጇ የሰፋችው ነገር ካልተገኘ ቦታውን መቀየር ነው።

ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘናው የንድፈ ሐሳብና የተግባር ክፍል አለው፣ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። መስማት የተሳናቸው ሰልጣኞች የሚወድቁት በአብዛኛው በተግባሩ ሳይሆን በጽሑፍ ጥያቄው ነው፤ ረጅም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ለብዙዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። አስተርጓሚና ተጨማሪ ጊዜ የሚጠየቀው ምዝገባው ላይ፣ በደብዳቤ ነው፤ በምዘናው ጠዋት በር ላይ ቢጠይቁ የሚሰማ የለም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይህን ዓይነት ማመቻቸት እንደ ቸርነት አያየውም። ስደተኞችም በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራት መብት ተሰጥቷቸዋልና ምዘናውን ወስደው መሥራት እንደሚችሉ ለምዘና ማዕከሉ አስቀድሞ ማስረዳት ይጠቅማል።

ከውጭ የመጣ አጋር በሎጎ ያጌጠ ሰርተፍኬት ሲሰጥ ሰልጣኞች ደስ ይላቸዋል፤ ደስታውን አልከለክልም። ግን ሲኦሲ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ይነገራቸው።

አጋሩን ምን እንጠይቀው

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 32 ስለ ዓለም አቀፍ ትብብር ነው፤ የትብብር ፕሮግራሞች አካል ጉዳተኞችን ያካተቱና ለእነሱ የተመቹ እንዲሆኑ ይጠይቃል። አጋሩ «ራምፕ በእኛ በጀት መስመር የለም» ሲል ይህን አንቀጽ መጥቀስ ተገቢ ነው። የአጋሩም አገር ስምምነቱን ፈርሟል ወይ ብሎ ማየት ነው።

ያገለገሉ ማሽኖች ይላኩ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ በጣም ጠንቃቃ ነው። እኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነን። ከጃፓን የሚመጣው 100 ቮልት ነው። ከኮሪያ የሚመጣው 220 ቢሆንም 60 ኸርዝ ነው፤ ክላች ሞተሩ እዚህ ሲሠራ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፣ ይሞቃልም። ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ) የሚፈልግ ማሽን ከሆነ ቤቱ ስሪ ፌዝ መስመር አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። መመሪያው በጀርመንኛ ብቻ ከሆነ፣ መርፌው ከመርካቶ የማይገኝ ዓይነት ከሆነ ስጦታው ከስድስት ወር በኋላ የጨርቅ ማስቀመጫ ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ማሽኑን እዚህ መግዛት፣ ለሁለት ዓመት የመርፌ፣ የቀበቶና የዘይት ወጪ አብሮ መያዝ፣ ከአሰልጣኞቹ አንዱን ጥገና ማስተማር ነው። ለዚህ ገንዘብ የሚሰጥ አጋር ከኮንቴይነር ላኪው በጣም ያነሰ ፎቶ ያነሳል።

አስተርጓሚው፣ የሕፃናት ተንከባካቢዋና ከሰልጣኝ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄደው ሠራተኛ በበጀቱ የፕሮጀክት ሥራ ተብለው ይግቡ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ ሊበልጥ አይችልም፤ እነዚህ ሰዎች «ደሞዝ» ተብለው ከአስተዳደር ጋር ከተደመሩ ጣራው ሲነካ መጀመሪያ የሚቀነሱት እነሱ ናቸው። የሥራ መግለጫቸው ከስልጠናው ጋር ያላቸውን ግንኙነት በግልጽ ይጻፍ።

የዘመን አቆጣጠሩም ያጣላል። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የአጋሩ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1። ሪፖርት የሚጠየቀው ታኅሣሥ ሲሆን የመጀመሪያው ዙር ገና ግማሽ ላይ ነው፤ ስለዚህ «ስንት ተመረቀ» የሚለው ቁጥር ዜሮ ይሆናል፣ ለዜሮው ሲባል ስልጠናው ይጣደፋል። የዙሩን መጨረሻ ከሪፖርቱ ቀን ቢያንስ አንድ ወር ቀደም አድርጎ ማቀድ ያስፈልጋል።

የልምድ ልውውጥ ጉዞ ካለ ኃላፊውን ሳይሆን ሁለት አሰልጣኞች መላክ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ መስማት የተሳነው ቢሆን ደግሞ ብዙ ነገር ይመጣል። የሸንገን ቪዛ ከሆነ ጊዜውን አስፉት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛውን የመልስ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አሳድጓል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም አቁሟል። የአስተርጓሚው ማመልከቻ አብሮ ይግባ፤ እሱ ከቀረ ጉዞው ትርጉም የለውም።

ከተመረቁ በኋላ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች ማሽን ላይ ናት ወይ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ክፍያው ታክሲውን ችሎ ምን ይተርፋታል፣ ትንኮሳ ወይም ሕመም አለ ወይ የሚሉት ናቸው። መስማት ለተሳናቸው ስልክ አይደወልም፤ በቴሌግራም ቪዲዮ፣ ያው የፈለሰፉትን ምልክት በሚያውቀው አስተርጓሚ ይሁን። የእሱም ሰዓት በስድስተኛው ወር በጀት ላይ መኖሩን አሁኑኑ አረጋግጡ።